ሳይለካ የተፈረመ

ሳን ሊያንድሮ፣ ኦክቶበር 18 ቀን 2009 እ.ኤ.አ.

ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ አስራት፤ አዳማ

ጋሼ፣ ክረምቱን እንዴት አለፉት? ጉልበትዎስ? እኔና ሄለና በጸሎትዎ ደህና ነን። ዕድሜና ጤና ከርስዎ አይለይ፤ ደጅዎን ሰው አይጣው።

ለጆሮ ማዳመጫዎ የሚሆን ባትሪ ስድስት እሽግ ልኬያለሁ። ስልክ ቢሰማዎ ኖሮ በየሳምንቱ እደውል ነበር። የአውሮፕላን ጥገና ሃንጋር ውስጥ ያለፈው ዘመን ጆሮዎን ስለወሰደው፣ ይኸው እንደ ድሮ ሰው እንጻጻፋለን።

የምሠራበትን ያውቃሉ። ሳን ሆዜ ያለው ኩባንያችን የአውሮፕላን እግር ነው የሚሠራው፤ ሲያርፍ ክብደቱን የሚሸከመውን ማለቴ ነው። እኔ የፍተሻ መሐንዲስ ነኝ። ኢኮኖሚው ከወደቀ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሌይኦፍ ተደርጎ ከአራት መቶ ሰው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቀርተናል። አሁን ያለው ተስፋ አንድ ነው። መንግሥት ለጦር ማመላለሻ አውሮፕላኖቹ የዘጠኝ ዓመት ኮንትራት አውጥቷል። ተወዳዳሪያችን አንድ ትልቅ፣ ሀብታም ድርጅት ብቻ ነው። ካላገኘን እንዘጋለን።

እዚህ ጋዜጣው ላይ በየቀኑ ክርክር ነው። አንዱ «ነገ ሊከስር ለሚችል ኩባንያ የወታደር ነፍስ አደራ አይሰጥም» ይላል። ሌላው «እነዚህ ከሞቱ የሚቀረው አንድ ድርጅት ነው፤ ያኔ ዋጋውንም ሆነ ጥራቱን የሚጠይቀው ማን ነው?» ይላል። የከተማው ሹሞች ስለ ሥራ አጥነት ይናገራሉ። በምሳ ሰዓት ሁሉንም አነባለሁ፤ ሁሉም እውነት ይመስሉኛል። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረዋልና ምን ይላሉ?

ሌላም አለ። ባለፈው ደብዳቤዬ ስለ አባቴ የመጨረሻ ቀን ጠይቄዎት ነበር፤ መልስ አላገኘሁም። ሄለና ለትምህርት ቤቷ ስለ አያቷ መጻፍ አለባት። ያለኝ «የሚያበርረው አውሮፕላን ቁስለኞች ጭኖ ሲነሣ ወደቀ፣ ጥፋቱም የሱ ነው ተባለ» የሚል አንድ መስመር ነው። ይህን ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ምኑን ነግሬ ምኑን ልተው? እርስዎ ያን ቀን እዚያ ነበሩ።

የእህትዎ ልጅ
ሉሊት መንገሻ


አዳማ፣ ኅዳር 14 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ ለሉሊት

የእናትሽን የዓለምፀሐይን ነፍስ በአጸደ ገነት ያኑርልኝ፤ አንቺንና ልጅሽን ከክፉ ዓይን ይሰውርልኝ። ባትሪው ደርሶኛል፤ እጅሽ ይባረክ። ጉልበቴ እንደ ወትሮው ነው፤ ደረጃ ሲያይ ይለምነኛል። ከጎረቤቴ ከባዩ በቀር የሚያየኝ የለም፤ እሱም ደግ ሰው ነው።

ስለ ኮንትራቱ ጠይቀሻል። ችግር ወንጀል አይደለም ባይ ነኝ። እኛ ዘንድ አንድ በያጅ ነበር። ኦክስጅን ጠፍቶ ስድስት ወር ያለ ሥራ ተቀመጠና ሲመለስ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሙያ እጅ ላይ ነው የሚኖረው፤ እጅ ሥራ ሲያጣ ይረሳል። ሥራው ሁሉ ለሀብታሙ ከተሰጠ ያንቺ ሰዎች ይበተናሉ፤ አንዱ ታክሲ ይነዳል፣ አንዱ ሱቅ ይጠብቃል። ነገ ሀብታሙ ሲያጎድል እነሱን ከየት ሰብስበው ያመጧቸዋል? ስለዚህ ይሰጣቸው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። እጅ ሲያጥር ሰው አስቀድሞ የሚተወው ዓይን የማያየውን ነው። ቀለሙን ይቀባል፣ ዘበኛውን ያቆማል፣ የሚለካውን መሣሪያ ማስፈተሽ ግን ለከርሞ ይለዋል። እናንተ ዘንድ መለኪያውን የሚለካው ማን ነው? መቼ ለካው? ይህን እስካላወቅሽ ድረስ ከላይ ያልኩትን ሁሉ እንዳልተባለ ቁጠሪው።

አባትሽ ጭምት ሰው ነበር። ለወታደር ሰጥቶ ማስጠረግ እየቻለ ጫማውን ራሱ ይጠርግ ነበር። ይህን ለልጅሽ ንገሪያት። ስለዚያ ቀን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። አሁን ብዕሩ እምቢ ብሎኛል።

አጎትሽ
አስራት


ሳን ሊያንድሮ፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 2010

ለማከብርዎ ለጋሼ አስራት

እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረስዎ። በረከቱ ይድረስዎ፤ ለኛም ይትረፈን።

ጋሼ፣ ጥያቄዎ እንቅልፍ ነሣኝ። የሠራነውን እግር የምንፈትንበት ትልቅ መጫኛ ማሽን አለን። ስንት ቶን እንደጫነበት የሚነግረን አንድ ሴንሰር ነው። ሴንሰሩን በየዓመቱ የውጭ ድርጅት መጥቶ በራሱ መሣሪያ ማረጋገጥና ስቲከር መለጠፍ አለበት። ስቲከሩ አለ፤ ቀኑ ማርች 2009፣ ፊርማም አለበት። በየቀኑ አየዋለሁ። ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ግን ወደ ድርጅቱ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ሴት መዝገቧን አገላብጣ፣ «እናንተ ጋ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣነው በፌብሩዋሪ 2008 ነው» አለችኝ።

ስቲከሩ የኛ ቢሮ ውስጥ የታተመ ነው ማለት ነው። እኔም ዓመቱን ሙሉ እሱን አምኜ ስፈርም ኖሬያለሁ።

ማናጀሬ ጋ ገባሁ።

«ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ» አለኝ።

«ስቲከሩን ማን ለጠፈው?» አልኩት።

«ኮንትራቱ ይግባ እንጂ መጀመሪያ የምናስፈትሸው እሱን ነው።»

የጠየቅኩት ይህን አልነበረም። እሱም ያውቃል። ከዚያ በኋላ በኮሪደሩ ስንተላለፍ ሰላምታው ሞቅ ብሏል።

ኣቡበከር የሚባል የኤርትራ ሰው አብሮኝ ይሠራል፤ ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው። በቶርኖ ማሽን ብረት ሲቆርጥ ያየ ሰው ቅቤ የሚቆርጥ ይመስለዋል። ቤቱ ኦክላንድ ስለሆነ ሳን ሊያንድሮ ድረስ በባቡር ይመጣና ከዚያ በኔ መኪና አብረን እንሄዳለን። ባለቤቱ ሰምሃር ካንሰር ይዟት ኬሞ ላይ ናት። ሕክምናዋ በኩባንያው ኢንሹራንስ ነው። ሰው ሥራ ቢለቅ ለተወሰነ ጊዜ ከኪሱ እየከፈለ ኢንሹራንሱን ማቆየት ይችላል፤ ኩባንያው ራሱ ከተዘጋ ግን ያም የለም።

ፍሪዌይ ላይ ትራፊክ ይዞን ቆመን ሳለ ነገርኩት።

«እኔ አውሮፕላን ያወቅኩት ከታች ሆኜ ነው» አለ። «ድምፁን ሰምተን ጉድጓድ የምንገባ ሰዎች ነበርን። ዛሬ እግሩን እየሠራሁ ልጆች አሳደግኩ። የአላህን ሥራ ማን ይመረምራል?»

«ልንገራቸው ወይስ ልተው?»

«ሰምሃር አምስት ዙር ይቀራታል፤ እስከ ጁን። እኔን አትጠይቂኝ።»

አባቴ አብራሪ እንደነበረ አልነገርኩትም። ስድስት ዓመት አብረን ስንመላለስ አንድም ቀን አልነገርኩትም።

ኮንትራቱን ካወጣው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አራት መርማሪዎች ማርች 24 ይመጣሉ። ኩባንያው ሥራውን መሸከም ይችል እንደሆነ አይተው ነው የሚወስኑት። ላቦራቶሪውን የማስጎበኛቸው እኔ ነኝ። ጋሼ፣ እርስዎ በኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? ባትሪ በዚሁ ፖስታ ልኬያለሁ።

ሉሊት


ሳን ሊያንድሮ፣ ማርች 5 ቀን 2010

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

መልስ ጠፋብኝ። ታመው እንደሆነ ብዬ ለባዩ ደወልኩለት። «ኧረ ደህና ናቸው፣ አሁን ገበያ ወጡ፤ ደብዳቤሽንም ከተቀበሉ ወር አለፋቸው» አለኝ። አልታመሙም ማለት ነው። እንግዲያው ምን አስቀየምኩዎ?

ሰዎቹ ሊመጡ ሦስት ሳምንት አይሞላም። የመከሩኝን ሁሉ ይዤ ነው እዚህ የደረስኩት። አሁን ረጅም ደብዳቤ አልፈልግም። ለባዩ አንድ ቃል ይንገሩትና እሱ ደውሎ ይንገረኝ። ተናገሪ ወይም ተዪ፤ ይበቃኛል።

ሉሊት


አዳማ፣ መጋቢት 19 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሉሊት

ሰላም ላንቺ ይሁን። ምርቃት ልጽፍ አስቤ ከኔ አፍ የሚወጣ ምርቃት ይደርስልሽ አይደርስልሽ ስለማላውቅ ተውኩት።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ሰዎቹ መጥተው መሄዳቸውን አውቃለሁ። አምስት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ። ባዩ የጠየቅሽውን ቃል ሊወስድ ሁለት ጊዜ በሬ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ «ነገ» አልኩት። «ተናገሪ» ብልሽ፣ «እርስዎስ ተናግረዋል?» የምትዪኝ መሰለኝ።

የካቲት 1981 ነው። ሰሜን ባለ አንድ ጊዜያዊ ማረፊያ የጥገናው ኃላፊ እኔ ነበርኩ። መለዋወጫ የሚልኩልን አገሮች ራሳቸው መናጋት ጀምረው ነበር፤ ያዘዝነው በስድስት ወሩ ይመጣል፣ አንዳንዴም አይመጣም። የነዳጅ ፓምፖቹን እያወለቅን እዚያው እንጠግን ነበር። የተጠገነ ፓምፕ ከመገጠሙ በፊት መሞከሪያ ላይ ይደረግና ግፊቱ በጌጅ ይለካል። የኛ ጌጅ መርፌው ከተጣበቀ አራት ወሩ ነበር። ሦስት ጊዜ አዲስ ጠየቅኩ፤ «ይመጣል» ተባልኩ።

አውሮፕላን ቆሞ ቁስለኛ ሲያቃስት ሰው «ጌጅ የለኝም» አይልም። የካቻቢቴ ጫፍ ፓምፑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ጥሩ ጆሮ ነበረኝ። ደህና መሰለኝ። ቅጹ ግን ቁጥር ይፈልጋል። ጆሮዬ የነገረኝን በቁጥር ጻፍኩና ፈረምኩ።

አባትሽ ሊሳፈር ሲል ወደ እኔ መጣ። በጓዶቹ ፊት ወንድሜ ይለኝ ነበር፤ እህቴን ካገባ ጀምሮ።

«አስራት፣ ፓምፑን ራስህ አየኸው?» አለኝ።

«አይቼዋለሁ።»

«ለክተኸዋል?»

«ለክቼዋለሁ» አልኩት።

ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ወጣ። ሠላሳ አንድ ቁስለኛና አራት ሠራተኛ ነበር የያዘው። ከተነሣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንደኛው ሞተር ጠፋ። ሊመለስ ሲዞር ኮረብታው ያዘው። ከዚያ ማንም አልወጣም።

አጣሪዎች መጡ። «ፓምፑ ተለክቷል?» አሉኝ። ቅጹን አሳየኋቸው። ቁጥሩ ነበር፣ ፊርማው ነበር። ማሽኑ ጤነኛ ከሆነ የቀረው ሰውየው ነው። «የአብራሪ ስህተት» ብለው ዘጉት።

እናትሽ የሰው ልጅ ያስፈጀ ሰው ሚስት እየተባለች አሥራ ሰባት ዓመት ኖረች። ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ሴቶች መንገድ ሲቀይሩባት አይቻለሁ። በየሙት ዓመቱ አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ። አንቺን ወስጄ አስተማርኩሽ፤ ሰው ሁሉ «እንዲህ ያለ ወንድም» አለኝ። እሷም እጄን ይዛ «ባትኖርልኝ ምን ይውጠኝ ነበር» እያለች ሞተች። አልነገርኳትም።

ከእንግዲህ ባትሪ አትላኪልኝ። ማዳመጫውን ሳወልቀው ያ ፓምፕ ይሰማኛል፤ ሳደርገውም ከሰው ድምፅ ሥር ሆኖ ይሰማኛል። አንድ ቃል ብቻ ፈልገሽ ነበር። የሰጠሁሽ ይህን ነው።

አስራት


አዳማ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለሉሊት

ሰላም ለቤትሽ። ዝምታሽን ተቀብዬዋለሁ፤ ለማማረር አይደለም የምጽፈው። ያደረግኩትን እንድታውቂ ብቻ ነው።

በግንቦት አዲስ አበባ ወጥቼ ለጦሩ መዝገብ ቤት ቃሌን በጽሑፍ አስገባሁ። ጌጁ እንደማይሠራ፣ ቁጥሩን ከራሴ እንደጻፍኩ፣ ሻምበል መንገሻ ተፈራ ምንም እንዳላጠፋ ጻፍኩ። ጽሑፉን የተቀበለኝ ወጣት አንብቦ ቀና አለና፣ «አባባ፣ ሁሉም ሞተዋል። የሚታረመው ለማን ነው?» አለኝ። «ልጁ አለች» አልኩት። በነጋታው መዝገቡ ሊገኝ አልቻለም አሉኝ። ማመልከቻዬን ግን ማኅተም መትተው ተቀብለዋል፤ ቅጂው እኔ ዘንድ ነው።

የተሳፋሪዎቹን ዝርዝር ያን ቀን ገልብጬው ነበር። ለምን እንደገለበጥኩት አላውቅም፤ ሃያ አንድ ዓመት አብሮኝ ኖሯል። በባዩ እርዳታ የአምስቱን ቤተሰብ አድራሻ አገኘን። ወደ ሁለቱ ሄጃለሁ።

ሞጆ ያገኘኋት አሮጊት እናት ናት። ውኃ ሰጠችኝ፤ ተቀምጬ ሁሉን ነገርኳት። ስጨርስ፣ «ሲሳፈር አይተኸዋል?» አለችኝ። አይቻለሁ አልኳት። «እግሩ ተሽሎት ነበር? በደብዳቤው ተሽሎኛል ብሎኝ ነበር» አለች። እንደገና ስለ ፓምፑ ነገርኳት። እንደገና ስለ እግሩ ጠየቀችኝ። በቃሬዛ መጫኑን እያወቅኩ «ተሽሎት ነበር» አልኳት። እውነት ልናገር ሄጄ ዋሽቼ ተመለስኩ።

አሰላ ያለው ወንድም ነው። በሩ ላይ አቁሞ እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «ሃያ ዓመት አብራሪውን ስረግም ነበር። አሁን ማንን ልርገም?» ብሎ ዘጋብኝ። ሦስት ቤት ይቀረኛል። ጉልበቴ ሲሻለው እሄዳለሁ።

ካንቺ የምፈልገው የለም። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ ካልፈለግሽ አትመልሺው። ሰዎቹ ሲጠይቁሽ ምን አልሽ?

አስራት


ሳን ሊያንድሮ፣ ዲሴምበር 5 ቀን 2010

ለጋሼ አስራት

ሰላም ለርስዎ ይሁን። ለባዩም ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ለጥያቄዎ መልሱ ይኸውልዎ። ከአራቱ መርማሪዎች አንዷ ረዘም ያለች ሴት ነበረች። ማሽኑ አጠገብ ቆማ፣ «ይህ ለመጨረሻ ጊዜ የተረጋገጠው መቼ ነው?» አለችኝ። ከመስታወቱ ወዲያ ኣቡበከር ቶርኖው ላይ አጎንብሶ ይታየኛል። «ስቲከሩ ላይ እንዳለው ነው» አልኳት። ውሸት አልተናገርኩም ብዬ ለራሴ ነገርኩ። እሷ ቀኑን ጻፈች። ሌላም ጥያቄ አልነበራትም።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከአንድ ወር በኋላ ነው። ባቡር ጣቢያው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ኣቡበከርን እየጠበቅኩ አነበብኩት። መጥቶ መስኮቱን እስኪያንኳኳ አላየሁትም። የጠላሁዎት በመጀመሪያ ስለ እናቴ ነው። ወዲያው ደግሞ እኔም ያንኑ እንዳደረግኩ ገባኝ፤ ያን ጊዜ ጥላቻዬ ባሰ። መልስ ያልጻፍኩት ለዚህ ነው።

በጁን ኮንትራቱን አገኘን። በምሳ አዳራሹ ኬክ ተቆረጠ፤ ኣቡበከር አለቀሰ። ሰምሃርም አምስቱን ዙር ጨረሰች። ሴንሰሩ ግን አልተፈተሸም፤ አሁን ደግሞ «የመጀመሪያውን ርክክብ እንጨርስ» ተባለ። እኔም መፈረሜን ቀጠልኩ። ስፈርም እጄ የኔ አይመስለኝም ነበር፤ አንድ ሰው ከኋላዬ ቆሞ «ለክተሽዋል?» የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። ድምፁ የአባቴ ነው እንዳልል የአባቴን ድምፅ አላስታውሰውም።

የነሐሴው ደብዳቤዎ ሴፕቴምበር ላይ ደረሰኝ። አንብቤ በሁለተኛው ቀን ለዚያች መርማሪ ሴት ደወልኩ።

መጥተው ለኩት። ሴንሰሩ ከእውነተኛው ሸክም አስብልጦ ነበር የሚናገረው፤ መቶ ሲለን የጫነው ዘጠና አንድ ነበር። ባለፈው ዓመት የላክናቸውን እግሮች ሁሉ አስመለሱ። ከአንዱ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ተገኘች። እግሩ የተወለቀለት አውሮፕላን በማግስቱ ስልሳ ሰው ይዞ ሊነሣ ነበር አሉኝ። ኮንትራቱ ተነጥቆ ለሀብታሙ ድርጅት ተሰጠ። ኩባንያችን ኦክቶበር 29 ተዘጋ። እኔ ራሴም ሥራ ፈላጊ ነኝ።

መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ቃሌን ተቀብላ ስታበቃ ብዕሯን አስቀመጠች። «ማርች ላይ ነግረሽን ቢሆን ስልሳ ቀን እንሰጣችሁ ነበር» አለችኝ። «መለኪያውን ታስተካክላላችሁ፣ እኛም ኮንትራቱን እንሰጣለን። ከናንተ ለባሰ ኩባንያም እንዲህ አድርገናል። ችግራችሁን እናውቅ ነበር፤ እኛ የመጣነው የማናውቀው ነገር እንዳለ ለማየት ነው።»

ጋሼ፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። እኔ ማርች 24 አፌን ብከፍት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ዛሬ ሥራ ላይ ነበር። እርስዎም በፌብሩዋሪ አንድ ቃል ቢልኩልኝ ምናልባት እከፍተው ነበር። ምናልባት ነው የምለው፤ ስለ ራሴ እርግጠኛ አይደለሁም። ጋዜጣው ላይ አሁንም ይከራከራሉ፤ ለተቸገረ ይሰጥ፣ አይሰጥ እያሉ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝ ይሰጥ እላለሁ፤ መለኪያውን ግን ሰጪው ራሱ ይዞ ይምጣ።

ኣቡበከር ጋ ኦክላንድ ቤቱ ሄጄ ነገርኩት፤ የደወልኩት እኔ እንደሆንኩ። ሰምሃር ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ለብሳ ነበር። የኦክቶበሩ ምርመራዋ ኢንሹራንሱ ስለተቋረጠ ቀርቷል፤ በካውንቲው የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ ይዘውላታል፣ ተራዋ ፌብሩዋሪ ነው። ከዚያ ስለ አባቴም ነገርኩት፤ ስለ ሥራው፣ ስለ ማረፊያው፣ ስለ ቁስለኞቹ።

«ሲመለስ ቁስለኛ ይጭን ነበር» አለኝ። «ሲሄድስ ምን ጭኖ ነበር የሚሄደው?»

በልጅነቴም፣ ካደግኩም በኋላ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

«ተዋት» አለችው ሰምሃር።

መኪናዬ ድረስ ሸኘኝ። አሁን እዚሁ አቅራቢያ ዳብሊን በምትባል ከተማ ባለ መጋዘን ዕቃ እየጫነ ነው፤ ወገቡን ይዞ ነበር የሚራመደው። «እኔ ብሆን አልደውልም ነበር» አለኝ። «አብራሪዎቹን አላውቃቸውም። ሰምሃርን አውቃታለሁ።» በሩን ዘጋልኝና ቆሞ አየኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደውዬ አላነሣም።

ለሄለናም ነገርኳት። የቻልኩትን ያህል በአማርኛ፣ ሲያቅተኝ በእንግሊዝኛ። በእንግሊዝኛዋ «ስለዚህ እሱ አላጠፋም?» አለችኝ። አላጠፋም አልኳት። ቀጥላ «እና ማን አጠፋ?» ስትለኝ ስምዎን ነገርኳት። ተቆጥታ ክፍሏ ገባች። የሷ ቁጣ ከኔ ይልቅ ንጹሕ ነው፤ አልከለከልኳትም።

ይቅርታን በሚመለከት፣ ቢያንስ እርስዎ አልጠየቁኝም፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። የእናቴን ድርሻ እኔ ልሰጥ አልችልም። የኔን ድርሻ ፈልጌ ገና አላገኘሁትም። ካገኘሁት እነግርዎታለሁ፤ ካላገኘሁትም እነግርዎታለሁ።

ጃንዋሪ 22፣ ቅዳሜ፣ አዳማ እገባለሁ። ለሁለት ሳምንት ነው። የማመልከቻውን ቅጂ ማየት እፈልጋለሁ፤ የአባቴን ስም በርስዎ እጅ ተጽፎ ማንበብ እፈልጋለሁ። ከዚያ ወደ ሦስቱ ቤቶች አብረን እንሄዳለን። እነዚያ ሰዎች የሚረግሙትን ሰው ልጅ ሲያዩ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። የሚሉኝን መስማት አለብኝ። እርስዎ ስለ ፓምፑ ይናገሩ፤ ስለ ቁስለኛው ከጠየቁ ደግሞ፣ በቃሬዛ ከነበረ በቃሬዛ እንደነበረ ይንገሯቸው። ካቃተዎ እኔ እላለሁ።

እስከዚያ ጉልበትዎን ይጠብቁ። ያለ እኔ አንድም በር እንዳያንኳኩ።

ሉሊት መንገሻ